አርብ ማታ ስንት ልጅ ይቀራል?

ኤርጎጌ በአስራ ስምንት ዓመት የንግድ ሕይወቷ ደንበኛ አቅፋ አታውቅም። ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው ሰው ከደንበኛው ጋር የሚተዋወቀው በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። ዳቦው በፍርግርጉ ይወጣል፣ ገንዘቡ በፍርግርጉ ይገባል፣ ሰላምታውም እንደዚያው። የዚያን ሐሙስ ከሰዓት ግን የብረቱን በር በርግዳ ወጣችና፣ ግማሽ ዳቦ ሊገዛ የቆመ አንድ የማታውቀው ረጅም ሰው ወገብ ላይ ጥምጥም አለች። ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። የሚዘረፍ መስሎታል።

"ሃይቦ! ማማ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ልጄ!" አለችው በዙሉ፤ ቀጥላ በእንግሊዝኛ፤ የሁለቱም ቃል ሲያልቅባት በአማርኛ። "ልጄ አለፈች! እንግሊዝ አገር! ሦስት ትምህርት ቤት ተቀብሏታል!"

ሰውየው ከአማርኛው አንድም ቃል አልገባውም። ደስታ መሆኑ ግን ገባውና እጁን አውርዶ አብሯት መዝለል ጀመረ። ዳቦውን በነጻ ይዞ ሄደ፤ ማዶ ከደረሰ በኋላም ዞሮ እጁን እያውለበለበ ነበር።

ልጅቱ ፍሬገነት ናት፤ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ፍርግርጉ ውስጥ ቆማለች። ኢሜይሉን አራት ጊዜ አንብባዋለች። ሴት ልጆችን ወደ ምህንድስና የሚገፋ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ እንግሊዞች ሲክስዝ ፎርም የሚሏቸውን የመጨረሻዎቹን ሁለት የትምህርት ዓመታት እንግሊዝ አገር አዳሪ ሆና እንድትማር ሙሉ ወጪዋን ሊሸፍንላት ወስኗል። ፈተናዋንና ቃለ መጠይቋን ያዩ ሦስት ትምህርት ቤቶች "ትምጣልን" ብለዋል። ከሦስቱ የቱ እንደሚሻል መምረጥ ለቤተሰቡ ተትቷል። የተሰጣቸው ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው።

"እማ፣ ሰው ገደልሽ እኮ" አለች ፍሬገነት፣ ራሷም እየሳቀች።

ኤርጎጌ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ናት። ትምህርት ያቋረጠችው ከሰባተኛ ክፍል ነው። ስንፍና አልነበረም፤ ስምንተኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ወንዝ ማዶ ነበርና ክረምት ክረምት ወንዙ አያሻግርም። "ወንዝ ነው ያስቀረኝ" ትላለች፣ ሳትማረር፣ ዝናብ አስቀረኝ እንደሚል ሰው። ባሏ ዱካሞ ቀድሞ በመኪናም በእግርም አገር አቆራርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ በሁለት ዓመቱ እሷን አስመጣት። ካትሌሆንግ ውስጥ ጎጎ ኖምቩላ (ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው) የሚባሉ ባልቴት ጋራዣቸውን አከራዩዋቸውና ሱቅ ሆነ። ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በሁለተኛው ጊዜ ጎጎ ኖምቩላ መጥረጊያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው የሰፈሩን ጎረምሳ በእናቱ ስም እየጠሩ ሲያሳፍሩ ግማሹ ዕቃ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ኤርጎጌ ሴትየዋን ከአማቷ አስበልጣ ትወዳቸዋለች፤ ይህንን ግን ለዱካሞ አትነግረውም።

ፍሬገነት ካትሌሆንግ ተወልዳ ካትሌሆንግ አደገች። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ዘመን የሱቁ ፍሪጅ እየበራ እየጠፋ ሲሞት፣ የአስራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ጀርባውን ፈታ አየችው። ዱርንፎንቴን በሚባለው የገበያ ሰፈር የፍሪጅ መለዋወጫ የሚሸጠው አብዱልጀባር ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ዕቃ ሲያመጣ አብራ እየመጣች በጥያቄ ስታደርቀው፣ መጀመሪያ አባረራት፤ ቀጥሎ አንድ አሮጌ መለኪያ ሰጣት፤ በመጨረሻ ራሱ ሲቸግረው ይደውልላት ጀመር። በአስራ አራት ዓመቷ የሰፈሩ ሰው "ዶክተር ፍሪጅ" ይላታል። የፊዚክስ መምህርቷ ናቸው ያን ማመልከቻ አስሞልተው የላኩት።

ሦስቱ ትምህርት ቤቶች መጽሔት በፖስታ ላኩ። አንዱ ለንደን መሀል ያለ ባለ መስታወት ኮሌጅ ነው። ሁለተኛው ትሬንኮት ይባላል፤ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባሕር ዳር ያለ፣ በፎቶው እንኳ ዝናብ የሚዘንብበት ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው ዌይንበርን ነው። የዌይንበርንን መጽሔት ያየ ሰው ሌሎቹን ደግሞ አላነሳም። ግንብ አለው፣ በግንቡ ላይ ሌላ ትንሽ ግንብ አለው። ከፊቱ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬ። ተማሪዎቹ ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ ከኋላቸው ፈረስ ቆሟል።

እሁድ ሮዘተንቪል ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ማናሴ ወሬውን ከመድረክ ሲያበስሩ ጉባኤው "ሃሌሉያ" ብሎ ተነሣ። ከአምልኮ በኋላ መጽሔቱ እንደ ሰርግ አልበም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ምርጫው በአንድ ድምፅ ዌይንበርን ሆነ።

ዱካሞ ዝምተኛ ሰው ነው። ኤርጎጌ "በቀን አስር ቃል ይመድባል፤ ስድስቱ ለደንበኛ ነው" ትላለች። ያን ሳምንት ግን አፉን የሚዘጋው ጠፋ። የግንቡን ፎቶ ቀድዶ ከአየር ሰዓት ማስታወቂያው አጠገብ ፍርግርጉ ላይ ለጠፈው። ወተት የሚገዛውን ሁሉ "ዳክዬውን አየህ?" ይላል። አንዱ ደንበኛ ፎቶውን ትኩር ብሎ አይቶ "ኤይሽ፣ ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?" ሲለው እንኳ አልተቀየመም፤ እየሳቀ አስረዳው። ኬክ የምትሠራውን ራሄልንም ለመሸኛው ቀን ዌይንበርን ራሱ የቆመበት ኬክ እንድትሠራ አዘዛት፤ ግንቡ ከነግንቡ።

ፍሬገነትም ግንቡን የስልኳ ፊት ላይ አደረገችው።

ኤርጎጌም ወደደችው። ሌሊት በሕልሟ ዳክዬዎቹን ዳቦ አብልታለች። ግን ነጋዴ ናት። አንድ ጊዜ ከጅምላ አከፋፋይ የገዛችው የብስኩት ካርቶን ከላይ አንጸባርቆ ከስር ረጥቦ ተገኝቶ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ካርቶን ገልብጣ ከስር ነው የምትከፍተው። ሦስቱን መጽሔት ባንኮኒው ላይ ደርድራ ልጇን ጠራቻት።

"ፍሬ፣ ይሄ ሁሉ ካርቶኑ ነው። ከስር የሚከፈተው እንዴት ነው?"

"ቪዲዮ ኮል ማድረግ ይቻላል፣ እማ። የፈለግሽውን ትጠይቂያቸዋለሽ።"

"የፈለግሁትን?"

"የፈለግሽውን።"

ኤርጎጌ አንድ ባለ መስመር ደብተር ከመደርደሪያው አወረደች። በሦስት ቀን ውስጥ ሞላችው። ልጄ ስትታመም በሯን የሚያንኳኳው ማን ነው? የሴቶቹ መኝታ ቁልፍ ማን ጋር ነው? ዳጣ ይዞ መግባት ይቻላል? የፊዚክስ መምህርቷም የራሳቸውን ጨመሩ፦ ፍሬገነት ሒሳብ፣ ከፍተኛ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ዲዛይን ነው የምትፈልገው፤ አራቱ በሰዓት ሰሌዳው ላይ ሳይጋጩ መማር ይቻላል ወይ? የዌይንበርን መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ነገር ነበር። ፍሬገነት አንብባ ተረጎመችላት፤ አዳሪዎች ከፈለጉ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ ይላል።

"ቤታቸው የት ነው?"

"እዚያው አካባቢ ነዋ። አርብ ወላጅ በመኪና ይመጣል፣ ይወስዳቸዋል።"

ኤርጎጌ እስክሪብቶዋን አነሣችና የገጹ አናት ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ አርብ ማታ ስንት ልጅ ይቀራል?

ጥሪዎቹ የተደረጉት ጎጎ ኖምቩላ ሳሎን ነው፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል፣ ሶፋውም የዳንቴል ልብስ አለው። ጎጎ ኖምቩላ እንግሊዞች ቤታቸው ሊገቡ ነው ብለው የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፍተው ጠበቁ። ለንደኑ በሃያ ደቂቃ አለቀ። የሚያድሩት እንደ አፓርታማ ባለ ሕንጻ ነው፤ ኤርጎጌ "በሩን ማን ይከፍትላታል?" ስትል "ካርድ" አሏት፤ "ስትገባ ማን ያያታል?" ስትል "ካሜራ" አሏት። አመስግና ዘጋችው።

የዌይንበርን ቀን ዱካሞ ሱቁን እንዲጠብቅ ተነግሮት ነበር። አልቻለም። በየአምስት ደቂቃው እየሮጠ መጥቶ በበሩ አንገቱን ያስገባል። ተማሪ የሚመዘግቡት ሴት ሚስስ ላንግፎርድ ይባላሉ፤ ደግ ፊት ያላቸው፣ ስልካቸውን ይዘው እየተራመዱ ሁሉንም የሚያሳዩ ሴት ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱን አሳዩ። የጸሎት ቤቱን ኦርጋን አሳዩ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው ስልኩን ወደ ሐይቁ አዞሩት።

"ዳክዬዎቹ!" አለ ዱካሞ ከበሩ።

"ሱቁን ማን ጋር ተውከው?" አለች ኤርጎጌ ሳትዞር። እግሩ ሲሮጥ ተሰማ።

የጥያቄው ተራ ደረሰ። ፍሬገነት ናት የምታስተረጉመው። እናቷ የምትለውን ሁሉ እንዳለ ከምታቀርብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት የምትመርጥ ስለሆነ፣ እያለዘበች ነው የምታቀርበው።

"አርብ ማታ ስንት ልጅ ይቀራል በያት።"

ፍሬገነት በእንግሊዝኛ "እናቴ ስለ ቅዳሜና እሁድ ዝግጅታችሁ ትንሽ ማወቅ ትፈልጋለች" አለች። ሚስስ ላንግፎርድ ፊታቸው በራ። የቲያትር ጉዞ አለ፣ የእግር ጉዞ አለ፣ የኬክ ውድድር አለ።

"ፍሬ፣ ዝግጅት አላልኩም" አለች ኤርጎጌ። "ስንት ነው ያልኩት።"

"እማ፣ ፕሊስ፤ ይሄ እንዲህ አይጠየቅም።"

ኤርጎጌ ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደች። እንግሊዝኛዋ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ትርፍ ቃል የለውም።

"ማዳም። ፍራይደይ። ችልድረን ጎ ሆም። ሃው ሜኒ ስቴይ?"

ሚስስ ላንግፎርድ፣ ለእሳቸው ክብር ይሁን፣ እውነቱን ተናገሩ። ከሦስት መቶ አዳሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስራ አንድ ይቀራል። አንዳንዴ ዘጠኝ። በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ ማደሪያው ጨርሶ ይዘጋል፤ ያኔ ከሩቅ አገር የመጡት ወደ አሳዳሪ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ፊዚክስና ዲዛይንም በሰሌዳው ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ይውላሉ፤ ከሁለቱ አንዱን መተው ይኖርባታል። "አዝናለሁ፤ ቀድመን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር" አሉ። ኤርጎጌ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ በዙሉ "ንጊያቦንጋ" አለቻቸው፤ ሲደነግጡ ትዝ ብሏት "ታንክ ዩ" ብላ አስተካከለችው።

ስልኩ ሲዘጋ ኤርጎጌ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

"አስራ አንድ ልጅ" አለች ኤርጎጌ። "በዚያ ሁሉ ግንብ ውስጥ።"

"ሐይቅ ነበረው እኮ!" አለች ፍሬገነት፤ አለቀሰችና ወጣች።

ሁለት ቀን አኮረፈች። የፍሬገነት ኩርፊያ ዝምታ አይደለም፤ ለእናቷ በእንግሊዝኛ ብቻ መመለስ ነው፤ ያውም የቴሌቪዥን ዜና እንደሚያነብ ሰው። ዱካሞ በበኩሉ የግንቡን ፎቶ ከፍርግርጉ ማንሣት አቅቶት፣ ስንት ሰው ነግሬያለሁ እያለ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። በሦስተኛው ቀን ኤርጎጌ ዳቦ እየደረደረች ልጇን አጠገቧ አስቆመቻት።

"ስሚ። የምትኖሪበት አንቺ ነሽ። ዌይንበርን ካልሽ ዌይንበርን ነው፤ አባትሽንም ደስ ይለዋል። ግን እኔን ወንዝ ነው ያስቀረኝ። አንቺን ሐይቅ ቢያስቀርሽ አንጀቴ አይችልም።"

ፍሬገነት በዜና አንባቢ እንግሊዝኛ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። "እማ፣ ሐይቅ እንዴት ነው የሚያስቀረኝ?"

"እኔ እንጃ። አማርኛው ሲጣፍጥ ነው ያልኩት።"

ሁለቱም ዳቦው ላይ ተደፍተው ሳቁ። "ትሬንኮትን ደግሞ እንስማ" አለች ፍሬገነት ዓይኗን እየጠረገች።

የትሬንኮት ጥሪ ገና ሲጀመር ነው የተበላሸው። መዝጋቢዋ ሴት ጉንፋን ይዟቸው አልመጡም። ስልኩን ያነሡት የሴቶች ማደሪያ ኃላፊዋ ሚስስ ትሪቪክ ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፀጉራቸው ተንጨባሮ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ። ከኋላቸው ስምንት ልጃገረዶች እርጥብ ልብስ ታቅፈው ቆመዋል፤ አንዷ ጭንቅላቷ ላይ ካልሲ አስቀምጣለች።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ!" አሉ ሚስስ ትሪቪክ። "ቀጠሮውን አልረሳሁም፤ ዘጠኝ ቀን ዝናብ አላባራም፣ ልብስ ማድረቂያችን ደግሞ ዛሬ ሞተ። የሚለበስ ደረቅ ልብስ የለንም። ጸሎት ቤቱን ላሳያችሁ?"

"ጸሎት ቤቱ ይቆየን" አለች ኤርጎጌ። ሴትየዋን ወድዳቸዋለች።

ፍሬገነት ግን ማስተርጎሙን ትታ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች። "ይቅርታ" አለች በእንግሊዝኛ፤ "ያ ድምፅ ማድረቂያው ነው? የሚያጉረመርመው?"

"እሱ ነው። ያጉረመርማል፣ አይዞርም።"

"ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን በእጃችሁ አዙሩት። ይከብዳል ወይስ ይቀላል?"

ጭንቅላቷ ላይ ካልሲ ያለባት ልጅ ሶኬቱን ነቅላ እጇን ከተተች። "በጣም ይቀላል! እንደ ባዶ በርሜል ነው!"

"እንግዲያው ሞተሩ ደህና ነው" አለች ፍሬገነት። "ቀበቶው ነው የተበጠሰው።"

በዚህ መሀል የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ቴክኒሻን ሚስተር ፔንሃል መፍቻ ይዘው ገቡ፤ ቀጭን፣ ጥፍራቸው በግራሶ የጠቆረ ሽማግሌ። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ልጅ "ቀበቶው ነው" ስትላቸው ቅንድባቸውን አነሡ። ምንም ሳይሉ የኋላውን ክዳን ፈቱ። ጎጎ ኖምቩላ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ተጠጉ። ሚስተር ፔንሃል እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው አንድ ረጅም ጥቁር የተበጠሰ ነገር በሁለት ጣት እየጎተቱ አወጡና ካሜራው ፊት አንጠለጠሉት።

ቀበቶው ነው!

ስምንቱ ልጃገረዶች እርጥብ ልብሳቸውን ወደ ጣሪያ ወረወሩ። አንዷ ስልኩን ሳመችው። ካትሌሆንግ ውስጥ ጎጎ ኖምቩላ ለዓመታት ለማንም ያላወጡትን እልልታ አወጡት፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ተንቀጠቀጠ። ዱካሞ እሳት የተነሣ መስሎት እየሮጠ መጣ፣ ከኋላው ሳሙና የያዘች ደንበኛ፣ ከእሷ ኋላ ምን እንደተፈጠረ ሊያዩ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች። ማንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁሉም እልል አለ።

"መለዋወጫ ቀበቶ መጋዘን አለኝ" አሉ ሚስተር ፔንሃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ልጅት፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

ኤርጎጌ በዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል ደብተሯን አልረሳችም። ደብተሩን እንደ ጋሻ ከፍ አድርጋ በጫጫታው ላይ ጮኸች፦ "ማዳም! ፍራይደይ! ሃው ሜኒ ስቴይ?"

"አርብ?" አሉ ሚስስ ትሪቪክ እየሳቁ። "ወዴት ይሄዳሉ ብለሽ ነው? ባቡር ጣቢያው ራሱ አንድ ሰዓት ይርቃል! ከሃምሳ ሁለቱ አርባ ስድስቱ እዚሁ ናቸው። እኔም እዚሁ ነኝ። ቅዳሜ ፓንኬክ እጋግራለሁ፤ ጎበዝ ጋጋሪ ግን አይደለሁም።"

የታመመችን ልጅ በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ፊዚክስና ዲዛይን አይጋጩም። ወርክሾፑ ቅዳሜም እሁድ ከሰዓትም ይከፈታል፤ ቁልፉ ሚስተር ፔንሃል አንገት ላይ ነው፤ አሳዩአት። ስለ ዳጣ ሲጠየቁ ሚስስ ትሪቪክ አልገባቸውም። ኤርጎጌ ሮጣ ማሰሮውን አምጥታ ካሜራው ላይ ከፈተችው። ሴትየዋ አረንጓዴውን ነገር በጥርጣሬ አይተው "ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ" አሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፍሬገነት ጎጎ ኖምቩላ ሶፋ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች። ጉንጯ ቀልቷል።

"እማ፣ እዚያ ነው።"

አሁን ደግሞ ኤርጎጌ ፈራች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትመረምር ኖራ፣ መልሱ ሲመጣ እንከን ትፈልግ ጀመር። "ቤቱ አሮጌ ነው እኮ" አለች። "ጣሪያው ሳያፈስ ይቀራል? ዘጠኝ ቀን ዝናብ አለች እኮ ሴትየዋ።"

"እማ!"

"ግንብ የለውም።"

"አውቃለሁ።"

"ዳክዬስ?"

"ባሕር ነው፤ የባሕር ወፍ አለ" አለች ፍሬገነት። ኤርጎጌ ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ትንሽ ልጅ ተንከተከተች። መልሱን የዚያኑ ቀን ላኩት።

የቀረው ኬኩ ነው። ራሄል ሠርታ ጨርሳዋለች፤ ሁለት ግንብ፣ ከስኳር የተሠራ ሐይቅ፣ አራት ዳክዬ። ዱካሞ ሊሰርዘው ቢደውል "አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ነው የሠራሁት! ግንቡን ማን ላይ ላራግፈው?" ብላ ጮኸችበት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ኬኩ ሲገለጥ ጉባኤው አጨበጨበ። መጋቢ ማናሴ ጎንበስ ብለው መረመሩት።

"ወንድም ዱካሞ፣ ትሬንኮት ይሄ ነው?"

ዱካሞ የቀኑን ቃል ሁሉ ጨርሶ ነበር መሰለኝ። ቢላዋውን አነሣና ትልቁን ግንብ ከመሠረቱ ቆርጦ ለመጋቢው ሰጣቸው። "አሁን ነው" አለ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ከደቂቃዎች በኋላ ዌይንበርን አልነበረም፤ ዳክዬዎቹን ሕፃናት ጨርሰዋቸዋል። መጋቢ ማናሴ አፋቸው ላይ ክሬም እንዳለ ለፍሬገነት ጸለዩላት።

ትምህርት ቤቱ ለረጅም በዓላት ልጅቱ የምታርፍበት አሳዳሪ ቤተሰብ እንዲኖራት ይፈልጋል። መጋቢ ማናሴ የሚያውቋት ከትሬንኮት ብዙ የማትርቅ ከተማ ውስጥ ነርስ የሆነች ደስታነሽ የምትባል ሴት ተገኘች፤ እሷም የሆሳዕና ናት። ኤርጎጌ እሷንም በቪዲዮ መረመረቻት፤ በሀዲይኛ ስለሆነ ፍሬገነት የምታለዝበው ነገር አልነበረም።

"ልጄ ታኮርፋለች። ስታኮርፍብሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እኔም አኮርፋለሁ" አለች ደስታነሽ። "ሲርበን እንታረቃለን።"

ኤርጎጌ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመሄጃው ቀን ደረሰ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። የመጋቢው መኪና አራቱን ጫነች፤ ዱካሞና ኤርጎጌ፣ ፍሬገነት፣ ከፊት ወንበር ላይ ጎጎ ኖምቩላ ከነባርኔጣቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ኤርጎጌ አለቅሳለሁ ብላ ሁለት መሀረብ ይዛ ነበር። ሻንጣው ሲመዘን ከበደ። ሲከፈት የዳጣው ማሰሮ ብቻ አልነበረም፤ ዱካሞ ማንም ሳያየው የመፍቻ ስብስብ በሹራብ ጠቅልሎ ከትቶበታል።

"አባ፣ እዚያ እኮ ወርክሾፕ አለ!"

"የራስሽ መፍቻ ይሻላል" አለ ዱካሞ። ዓይኑ እርጥብ ነው። ፍሬገነት ሦስት መፍቻ መርጣ ሻንጣው ውስጥ አስቀረች፤ የቀረውን ዱካሞ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ፍሬገነት ጎጎ ኖምቩላን አቅፋ፣ አባቷን አቅፋ፣ ወደ እናቷ ዞረች። ኤርጎጌ መሀረቧን አወጣች። እንባው አልመጣም። በእንባው ፈንታ ሳቅ ፈነቀላት፤ ያዘችው፣ አልያዝ አላት፤ ልጇን አቅፋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ፍሬገነትም ያዛት። ከኋላ የተሰለፈው መንገደኛ ምን ነካቸው ብሎ ሲያያቸው ሳቁ ይብስ ጀመር።

"እማ፣ በቃ፣ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል!"

"ሂጂ፣ ሂጂ! ጌታ ይከተልሽ!"

ልጅቱ እየሳቀች በበሩ ገባች፤ ሁለት ጊዜ ዞራ አየቻቸው፣ ከዚያ ሰው ሸፈናት።

መጋቢ ማናሴ ሮዘተንቪል የቀብር ጸሎት ስለነበረባቸው ጀርሚስተን ላይ አወረዷቸው፤ ጎጎ ኖምቩላም እህታቸው ዘንድ ሊያድሩ አብረዋቸው ቀጠሉ። ባልና ሚስቱ የካትሌሆንግ ታክሲ ያዙ። ኤርጎጌ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ አንድ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየሳበ ይሄዳል። የፍሬገነት ገና እንዳልተነሣ ታውቃለች። ቢሆንም አጠገቧ ያለችውን ሴት ነካ አድርጋ በዙሉ "ልጄ እዚያ ውስጥ ናት" አለቻት።

"የት ልትሄድ?"

ኤርጎጌ ነገረቻት። ሴትየዋ ለኋላው ወንበር አስተላለፈች፣ የኋላው ለፊተኛው፤ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ "የካትሌሆንግ ልጅ ናት?" አለ።

"ካትሌሆንግ ነው የተወለደችው!" አለ ዱካሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"እንግዲያው የእኛ ናት" አለ ሹፌሩ፤ ጡሩምባውን ነፋው። ጎኑ ያለው ታክሲም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ መልሶ ነፋ። አንድ አሮጊት መዝሙር አነሡ፣ ከኋላ የተቀመጡት በሁለተኛ ድምፅ ተቀበሉ፣ ኤርጎጌ የምታውቀውን ግጥም እየዘመረች ለማታውቀው እያጨበጨበች ሄደች። ዱካሞ በሕይወቱ ድምፁን አውጥቶ ዘምሮ አያውቅም፤ ኪሱ ውስጥ ያሉትን መፍቻዎች እርስ በርስ እያጋጨ ምቱን ያዘ።

መውረጃቸውን አለፉት። ማንም ልብ አላለውም። ሁለት ፌርማታ ርቀው ሲወርዱ የታክሲው ሰው በሙሉ በመስኮት እጁን አወጣላቸው። ባልና ሚስቱ በብርዱ እየሳቁ፣ የዱካሞ ኪስ በመፍቻው እየተንቃጨለ፣ መንገዱን በእግራቸው ወደ ኋላ ተመለሱ።